የጋሼ መኪናና የእማማ ካራቫን

ቀን፦ ወሩ በገባ በሁለተኛው እሁድ፣ ከምሳ በኋላ።

ቦታ፦ የእማማ ቤት፣ ሳሎን። ኋላ ላይ ለሙከራ ወደ ግቢ ተወጥቷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ እማማ ከተራራው ማዶ ወደሚኖሩት ታማሚ እህታቸው ሲሄዱ አረፍ የሚሉበትን ካራቫን፣ ማለትም ባለጎማ ተጎታች ቤት፣ የሚጎትት መኪና መምረጥ።

የተገኙ፦

፩. የቤቱ በኩር ልጅ፣ ጡረታ የወጡ የመምሪያ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ። በቤተሰቡ ዘንድ «ጋሼ» ይባላሉ። ከሥራ ከተሰናበቱ ወዲህ የሚሰበስቡት ሠራተኛ ስላጡ ዘመድ ይሰበስባሉ።

፪. ታላቅ እህት፣ ርዕሰ መምህርት፣ አባል። የጸሐፊው ባለቤት ናቸው፤ ጸሐፊው ስለ እሳቸው የሚጽፈው ሁሉ ይህ ታስቦ ይነበብለት።

፫. መካከለኛው ልጅ፣ መሐንዲስ፣ አባል። የሚሠሩት ፎቅ ነው። ፎቅ ደግሞ ባለበት ይቆማል እንጂ አይጎተትም።

፬. የመጨረሻዋ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ አባል። ምጥ የጸናባት ላም ሲያዋልዱ አርፍደው በጭቃ ቦት ጫማ ገብተዋል። ርዕሰ መምህርቷ ጫማውን ለብቻው አጀንዳ ሊያስይዙት ፈልገው ነበር፤ ሰዓት የለም ተብሎ ታልፏል።

፭. የርዕሰ መምህርቷ ባል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ። አማች ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ያምራል ተብሏል።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ እማማ። ጉዞው የሳቸው ስለሆነ «ታዛቢ» ተብለው ተመዝግበዋል። ለስላሳዎቹን ሶፋዎች ድምፅ ያላቸው አባላት ስለያዟቸው እማማ በር አጠገብ በምትገኘው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በተባለው ሰዓት ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ብቻ ስለነበሩ ሰብሳቢው እማማን አራተኛ አድርገው ቆጠሩና ጉባኤው ሞላ። ሐኪሟ ሲደርሱ እማማ ከቆጠራው ወጥተው ወደ ታዛቢነታቸው ተመለሱ። ይህም በሥርዓቱ መፈጸሙ ተረጋግጧል።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው ይህ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ያለ ቃለ ጉባኤ ሲጓዝ መኖሩን በሐዘን አስታውሰው፣ ካሁን በኋላ እንዲህ ያለ ግድ የለሽነት እንደማይቀጥል ገልጸዋል። ከዚያም ሁሉም የሚያውቀውን ጉዳይ ለሁሉም አስረዱ። የእማማ ታናሽ እህት ከታመሙ ሰንብተዋል፤ «ዓይኔ ሳይከደን እህቴን አሳዩኝ» የሚል መልእክትም ልከዋል። እማማ ደግሞ ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ ወዲህ ሐኪማቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ አዟል፤ መንገዱ ግን የግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ልጆች ተሰባስበው አልጋ ያለው ካራቫን ገዙ። መኪናው በየሰዓቱ ይቆማል፣ እማማ ወርደው ካራቫኑ ውስጥ ጋደም ይላሉ፣ ወገባቸው ሲያርፍ እንደገና ጉዞ ይቀጥላል።

ጥሩ ሐሳብ ነው። የማን ሐሳብ እንደነበር ባለፈው ስብሰባ ብዙ ካከራከረ በኋላ የሁሉም እንዲሆን ተወስኗል። ካራቫኑ ግን ከተገዛ ጀምሮ ከግቢው አልወጣም። እስካሁን የተገለገለችበት የጎረቤት ድመት ብቻ ስትሆን እሷም ወልዳበት፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ ለቃ ሄዳለች።

አጀንዳ አንድ፦ ጎታቹን መኪና ስለመምረጥ

ሐኪሟ ቀድመው ዕድል ጠይቀው ይህ አጀንዳ ሻይ እስኪፈላ እንኳን እንደማይፈጅ ተናገሩ። በካራቫኑ በር ሥር በተለጠፈው ብረት ላይ ዕቃው ሲሞላ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ እንደሚመዝን ተጽፏል። የሚጎትተው መኪና ከዚህ በደህና መክበድ አለበት፤ ካልሆነ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ጎታቹን ይገፋዋል፣ ነፋስ ሲመታው ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየወዘወዘ ከመንገድ ያወጣዋል። የሳቸው ፒክአፕ ሁለት ሺህ ኪሎ ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ የከብት ተሳቢ ይጎትታል፤ መንጠቆውም የመብራት ሶኬቱም ተገጥሞለታል። «እማማን ነገ ማለዳ ይዣት ልሂድ። በቃ» ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው በስተመጨረሻ የመጣ አባል ቀድሞ መናገሩ ከሥርዓት ውጭ ስለሆነ ይህ ንግግር ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ እንዲመዘገብ አዘዋል። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው በስህተት ነው።

በመቀጠል ሰብሳቢው ስለ ራሳቸው መኪና ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። መኪናዋ ነጭ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት የወንበር ላስቲክ ዛሬም አልተነሳም። አባታቸውን ሆስፒታል ያመላለሰች፣ እማማን ለሠርግም ለለቅሶም ያደረሰች፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ናት። በዚህ ቤት ታላቅ እያለ ታናሽ መሪ እንደማይዝ፣ እናታቸውንም በእህታቸው ደጅ የማውረድ ክብር የበኩር ልጅ መሆኑን አስገነዘቡ። ስለ መኪናዋ ክብደት ሲጠየቁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእመቤት አይቀርብም ብለዋል። ሐኪሟ ወጥተው ሊብሬውን ከመኪናዋ ኪስ አምጥተው አነበቡ፤ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይላል።

መሐንዲሱ የሳቸው አዲስ መኪና ለምን በዕጩነት እንዳልቀረበች ተጠየቁ። የመኪናዋ መመሪያ ምንም ነገር መጎተት እንደሚከለክል፣ ቢፈቅድ እንኳን የሳቸው ልብ እንደማይፈቅድ መለሱ። የርዕሰ መምህርቷ መኪናም ትናንት ደህና እየሄደች አምሽታ ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ገብታለች። ጸሐፊው ጋራዡን የመረጠው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም።

ሐኪሟ እንግዲያው ክብሩ ከመሪው ላይ ከሆነ መሪውን ጋሼ ይያዙት፣ የፒክአፑን መሪ ይያዙት ሲሉ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ያ መኪና ምን ምን እንደሚሸት በአክብሮት ጠየቁ። ሐኪሟ ላም እንደሚሸት አመኑ። ርዕሰ መምህርቷም የአክስታቸው አማቶች ዓይናቸው ሰው የሚወጋ መሆኑን አስታውሰው «ከበረት የወጣን መስለን ነው እንዴ የምንደርሰው?» ሲሉ ጠየቁ። እማማ ከወንበራቸው ሆነው የሆነ ነገር ተናግረው ነበር፤ ታዛቢ ስለሆኑ አልተመዘገበም።

በዚህ ጊዜ ሐኪሟ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የጋሼ መኪና እንኳን ቤት ሣጥንም አትጎትትም ብለዋል። ሰብሳቢው «ሣጥን» የሚለው ቃል እንዲነሳ ጠየቁ። ሐኪሟ አንስተው በምትኩ «ቅርጫት» አሉ። ሰብሳቢው ይህም እንዲነሳ ጠየቁ። ሐኪሟ ከቅርጫት የሚያንስ ነገር ለጊዜው እንዳልመጣላቸው ገልጸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሰብሳቢው ነጭ መኪና ካራቫኑን እንድትጎትት በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። መሐንዲሱ የደገፉት የራሳቸው መኪና ስለተረፈችላቸው ነው። ርዕሰ መምህርቷ የደገፉት ስለ ሽታው ነው። ሰብሳቢው የደገፉት ስለ ፍትሕ ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ የክብደቱን ልዩነት ስለማስተካከል

ሰብሳቢው በጎታቹና በተጎታቹ መካከል «መጠነኛ ልዩነት» መኖሩን አምነው መፍትሔ እንዲቀርብ ጋበዙ። መሐንዲሱ አምራቾች ሁልጊዜ ለጥንቃቄ ብለው ቁጥር እንደሚያጋንኑ፣ እሳቸውም በሥራቸው ይህን እንደሚያደርጉ፣ ስለዚህ በብረቱ ላይ የተጻፈው አንድ ሺህ አራት መቶ ለድርድር ክፍት መሆኑን አስረዱ። ሐኪሟ ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር በድምፅ ብልጫ የሚቀንስ ከሆነ የሳቸውንም ዕድሜ ቀንሱልኝ አሉ። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል። ካራቫኑ ካሁን በኋላ አንድ ሺህ ኪሎ እንዲመዝን በሦስት ለአንድ ተወሰነ።

አንድ ሺህም ቢሆን ከዘጠኝ መቶ መብለጡን ሐኪሟ አስታወሱ። ሰብሳቢው እኚህ አባል ሁልጊዜ እንቅፋት ፈላጊ መሆናቸውን ጠቅሰው፣ ነገር ግን ሒሳቡ ትክክል ነው በመባሉ ከካራቫኑ ላይ ዕቃ እንዲቀነስ ሐሳብ ተከፈተ።

በመጀመሪያ ምድጃው እንዲወጣ ተወሰነ፤ እማማ መንገድ ላይ አይርባቸውም ተባለ። ቀጥሎ የውሃ በርሜሉ፤ ውሃ ካልጠጡ አይጠማቸውም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ስላልተብራራ በዝምታ ጸደቀ። ከዚያም ሽንት ቤቱ፤ ውሃ ካልጠጡ አያስፈልግም በሚል ከቀደመው ውሳኔ ጋር ተያይዞ አለፈ። ጠረጴዛው፣ ቁም ሣጥኑና መጋረጃው ያለ ተቃውሞ ወጡ። በመጨረሻ መሐንዲሱ ከቀሩት ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ አልጋው መሆኑን አሳሰቡ።

እማማ ለጀርባቸው ትራስ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው በ«ልዩ ልዩ» ሥር እንዲታይ ያዙላቸው።

አልጋው ከወጣ ካራቫኑ ለምን እንደሚሄድ ሐኪሟ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን በዛሬው አጀንዳ የተያዘው ካራቫኑ በምን እንደሚሄድ እንጂ ለምን እንደሚሄድ አለመሆኑን መለሱ። አልጋው እንዲወጣ በሦስት ለአንድ ተወሰነ።

እዚህ ላይ የሳሎኑ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የአክስት ልጅ ስትሆን እናቷ ዛሬም «ደረሰች ወይ?» እያሉ መሆኑን፣ ምግብ ከተዉ መሰንበታቸውን ተናግራ መቼ እንደሚመጡ ጠየቀች። ሰብሳቢው ኮሚቴው ገና በመወያየት ላይ ስለሆነ መልሱ በጽሑፍ እንደሚደርሳት ነገሯት። እማማ ስልኩን ስጡኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሽቦው ግን በሩ ድረስ አይደርስም ነበር።

ውይይቱ ቀጥሎ፣ ተጎታቹ ከቀለለ ዘንድ ጎታቹ ደግሞ መክበድ አለበት የሚል ሐሳብ ከርዕሰ መምህርቷ ቀረበ። ሰው ከብረት በምን ያንሳል ብለው፣ ከቤተዘመዱ መካከል ክብደታቸው የተመሰከረላቸው መኪናዋ ውስጥ እንዲቀመጡ ጠየቁ። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። የእማማ ወንድም የሆኑትና «አጎት በርሜል» የሚባሉት ከኋለኛው ክፍል ከእንቅልፋቸው ተጠርተው መጡ። ለምን እንደተፈለጉ ሲነገራቸው መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ጥቂት አሰቡና ኮታቸውን ቆለፉ። ሚስታቸውም አብረው እንዲጫኑ ተወሰነ፤ በመከፋታቸው ስላልመጡ ውሳኔው በሌሉበት ጸድቋል።

ሰብሳቢው መሪ ሲይዙ፣ ርዕሰ መምህርቷ ከፊት ሲቀመጡ፣ አጎት በርሜልና ባለቤታቸው ከኋላ ሲሞሉ ለእማማ ቦታ እንደማይኖር መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ሥለው አሳዩ። ጉባኤው ሥዕሉን አደነቀ። ከዚያም እማማ ካራቫኑ ውስጥ ሆነው እንዲሄዱ፣ አልጋው ስለወጣም አሁን የተቀመጡባት የእንጨት ወንበር እንድትገባላቸው ሐሳብ ቀረበ።

ሐኪሟ ተነሱ። የተናገሩትን ጸሐፊው በሙሉ አልደረሰበትም። በደረሰበት መጠን ግን እንዲህ ብለዋል፦ «እኔ ጥጃ እንኳን ሳላስር ተሳቢ ላይ አልጭንም! እየሄደ ባለ ካራቫን ውስጥ ሰው አይቀመጥም፣ የትም አገር አይቀመጥም። እሷ እንድታርፍበት የተገዛውን ቤት አራቁታችሁ፣ እሷን ዕቃ አድርጋችሁ፣ አጎቴን ድንጋይ አድርጋችሁ፣ ምን ቀራችሁ?» አጎት በርሜል ድንጋይ መባላቸውን ተቃወሙ። ርዕሰ መምህርቷ ታናሽ በታላቆች ፊት እንዲህ መጮሁ አስተዳደግን የሚያሰድብ መሆኑን ተናገሩ። ሐኪሟ «ያሳደገችንማ ይችው ተቀምጣለች፣ እሷን ጠይቂያት እትዬ» አሉ። የጠየቀ አልነበረም።

ከረጅምና ከጋለ ውይይት በኋላ ሐሳቡ በሦስት ለአንድ ጸደቀ። ሒሳቡ ሲሰላ ጎታቹ ከተጎታቹ በልጦ ተገኘ። ሰብሳቢው በውጤቱ የተሰማቸውን እርካታ ገልጸው፣ ችግር ሁሉ በውይይት እንደሚፈታ ይህ ሕያው ምስክር ነው ብለዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ የሙከራ ጉዞ

ጉባኤው ወደ ግቢ ወጣ። እማማንም ከነወንበራቸው ጸሐፊውና ሐኪሟ ተሸክመው አውጥተዋቸዋል፤ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ «ወይኔ» ማለታቸው ተሰምቷል። ከካራቫኑ የወጡት ዕቃዎች በአጥሩ ሥር ተደረደሩ፣ አልጋውም ፍራሹን እንደያዘ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የተቀነሰው ዕቃ አንድ ላይ ሲታይ ትንሽ ቤት ያክል ነበር።

ነጯ መኪና መንጠቆ እንደሌላት የታወቀው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሱ ከኋላዋ ብረት ላይ በወፍራም ሰንሰለት አሰሩላት። ሐኪሟ ሰንሰለት እንደሚስብ እንጂ እንደማያቆም ተናገሩ፤ ጊዜው የሙከራ እንጂ የውይይት አይደለም ተባለ። አጎት በርሜል ከኋላ ወንበር ገቡ። የካራቫኑ ምላስ፣ ማለትም የሚጎተትበት ብረት፣ በመኪናዋ ጭራ ላይ እንዲያርፍ ሲደረግ ጭራዋ ወደ መሬት ወርዶ ግንባሯ ወደ ላይ ቀና አለ፤ የፊት ጎማዎቿም መሬቱን በጣት ጫፍ እንደሚነካ ሰው ሆኑ። ሐኪሟ መሪ የሚታዘዘው የፊት ጎማ መሬት ሲጨብጥ መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው መኪናዋ ቀና ብላ መሄዷ ለቤተሰቡ ክብር መሆኑን ገልጸው ሞተር አስነሡ።

በሜዳው ላይ ጉዞው መልካም ነበር። መኪናዋ ብዙ ጮኻ ጥቂት ሄደች። ከዚያ ግን ግቢው ወደ በሩ ዝቅ ወደሚልበት ቦታ ደረሱ። ይህ ቁልቁለት ሕፃን በብስክሌት የሚወርደው ነው። ሰብሳቢው ፍሬን ያዙ፤ መኪናዋ ቆመች፤ ካራቫኑ ግን የመቆም ፍላጎት አላሳየም። በዝግታ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ መኪናዋን ከኋላ እየገፋ ወደ በሩ ወሰዳት። በሩ ተዘግቶ ነበር። አሁንም በከፊል ተዘግቷል።

ሰው አልተጎዳም። አጎት በርሜል መውጣት ስላልቻሉ በመስኮት ውሃ ተሰጣቸው። ሰብሳቢው መሪውን እንደጨበጡ ሙከራው በዋናው ዓላማው ማለትም መኪናዋና ካራቫኑ አብረው መንቀሳቀስ እንደሚችሉ በማሳየት ረገድ የተሳካ ነው አሉ። መሐንዲሱ ተጨማሪ ሐሳብ አቀረቡ፤ በተራራው ቁልቁለት ላይ ካራቫኑን ከኋላ በገመድ አስረው የሚይዙ አራት ጎልማሶች በእግር እንዲከተሉ። ርዕሰ መምህርቷ ከትምህርት ቤታቸው የስፖርት መምህሩን ሊያመጡ ቃል ገቡ። ሐሳቡ ለድምፅ ሊቀርብ ሲል እማማ ዕድል ጠየቁ።

ሰብሳቢው ከመኪናዋ እየወረዱ ታዛቢ ድምፅ እንደሌለው አስታወሱ።

እማማም ወደ ጸሐፊው ዞረው «ጻፍ ልጄ። ሲያወሩ ስትጽፍ ዋልክ፣ ደግሞ እኔ ላውራ» አሉ። ጸሐፊው በሕጉ መሠረት መጻፍ አልነበረበትም። ጻፈ።

«ሐኪሙ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጪ አለኝ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ካራቫኑንም የገዛችሁት ለዚሁ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አትችልም፣ ምን እናድርግላት እያላችሁ ስትጨነቁልኝ ይኸው ከምሳ ጀምሮ ተቀምጬላችኋለሁ። አንዳችሁም ጋደም በይ አላላችሁኝም። ለእህቴ ብዬ ሳጠራቅም የሰነበትኩትን ጉልበት እዚህች ወንበር ላይ ጨረሳችሁብኝ።»

ሰብሳቢው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዝም በል። አንተን የወለድኩት በድምፅ ብልጫ አይደለም።» ከዚያ ትንሽ አረፍ ብለው ቀጠሉ። «ላም ሸተተ አላችሁ። ይሽተት። እህቴ የናፈቃት የኔ ጠረን ነው። እሷ እዚያ በሩን በሩን እያየች እናንተ እዚህ ማን ቀድሞ ይታይ ትላላችሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አሉ። አንዲቷ ልጄ መዝና፣ መጥና፣ መንጠቆውን ሰቅላ መጣች፤ ቦት ጫማዋን አያችሁባት።»

ይህን ብለው ሊነሱ ሞከሩ። አልቻሉም። ሁለተኛም ሞከሩ፤ ዳሌያቸው ይዟቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ሐኪሟ በአንድ በኩል ደገፉ። በሌላው በኩል ጸሐፊው ነበር። አንስተው ሣሩ ላይ በነበረው አልጋ፣ ካራቫኑን ያቀልላል ተብሎ በሦስት ለአንድ በወጣው አልጋ ላይ አጋደሟቸው። እማማ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። በዚህ ጊዜ በግቢው ውስጥ ሐሳብ ያለው አባል አልነበረም።

ሰብሳቢው ቀርበው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ወደ በሩ፣ ወደ መኪናዋ፣ ወደ አልጋው ተመለከቱ። ለእማማ ትራስ አምጥተው ከጭንቅላታቸው ሥር አደረጉ። «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር የተያዘው ጉዳይ በዚህ ተፈጽሟል።

የመዝጊያ ውሳኔ

ጉባኤው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተዘግቷል። ከመዘጋቱ በፊት እማማ በአልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ የሚከተለውን አስወስነዋል። የሚቃወም እጁን ያውጣ ተብሎ ተጠየቀ፤ እጅ የወጣ የለም። መሐንዲሱ ጆሯቸውን ሊያኩ አንስተውት የነበረውን እጅ በፍጥነት መልሰዋል።

በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ካራቫኑ ከእንግዲህ የሚመዝነው ብረቱ ላይ የተጻፈውን ነው። ምድጃው፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ አልጋውም እማማ ከላዩ ሲነሱ። ይህን ሥራ አጎት በርሜል ከመኪናዋ እንደወጡ ያለማንም ትእዛዝ ጀምረውታል፤ ቁም ሣጥኑን ብቻቸውን ተሸክመው ሲገቡ ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ተመልክቷል። ነጯ መኪና ከበሩ ላይ ተነስታ አጥሩ ሥር ትቆያለች። ርዕሰ መምህርቷ ለአክስት ልጅ ደውለው ነገ እንደሚደርሱ ይንገሩ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ። ደውለዋል፤ ስልኩን ሲዘጉም አልቅሰዋል። ጸሐፊው ሚስቱን ሲያይ የሚጽፈውን አቁሞ ነበር፤ ይቅርታ ይደረግለት።

ፒክአፑ ነገ ማለዳ ካራቫኑን ይጎትታል፣ የሚነዱትም ሐኪሟ ናቸው። በየሰዓቱ ይቆማል። እማማ የሚጋደሙት ካራቫኑ ሲቆም ብቻ ነው፤ ሲሄድ ከልጃቸው ጎን ናቸው። ይህ ኮሚቴ ፈርሷል።

በመጨረሻም ሰብሳቢው፣ አሁን ሰብሳቢ ያልሆኑት፣ ዕድል ለመጠየቅ እጃቸውን አወጡ። ከኋላ ወንበር ላይ ቦታ ካለ እሳቸውም አክስታቸውን ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ና፣ የኔ ልጅ። አፍህን ግን እዚሁ ትተኸው ና» አሉ። ያለ ውይይት ጸድቋል።